የእህተ ማርያምን ሞት እንድፈርም ስለ መታዘዜ

ማንኩሳ
ግንቦት 22 ቀን

ለክቡር አቶ ገነነ
የጥምር ዲጂታል አገልግሎት ማዕከል ዋና ኃላፊ
ፍኖተ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወገብዎን ያ ተሽከርካሪ ወንበር እንዳይጎዳብዎ፣ ዓይንዎን የባለጉዳይ ፊት እንዳያደክምብዎ፣ ጆሮዎንም የድሃ ጩኸት እንዳያውክብዎ ዘወትር እንደምጸልይ በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ሦስተኛው ጸሎቴ ከሁሉ ቀድሞ መሳካቱን በርዎ ላይ ከቆመው ጥበቃ ሰምቻለሁና እግዚአብሔር ይመስገን። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ለተቀመጠውም ዋንጫ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

እኔን ያውቁኛል፤ ቢረሱኝም ከሥራ ብዛት ነው ብዬ አልቀየምም። መሪጌታ ቴዎፍሎስ ነኝ። እዚህ ማንኩሳ ዳር ያለው ደብራችን የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ፣ የክርስትናውና የቀብሩ መዝገብ ያዥ፣ እንዲሁም ከሠላሳ ዓመት በፊት ከደጀ ሰላሙ ጥግ አስቀምጬ ፊደል ያስቆጠርኩዎት ሰው ነኝ። «ሀ» ላይ ብቻ ሁለት ወር ፈጅተውብኝ ነበር። ያን ጊዜ ለአባትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጅዎ ለእርሻ እንጂ ለጽሕፈት አልተፈጠረም ብዬ እውነቱን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህችን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ጥፋት ሁሉ የሚጀምረው ከእኔ ነው።

ደብዳቤውን ለሕዝብ የማወጣው ላሳጣዎ አስቤ አይደለም። በማዕከሉ መዝገብ ቤት በኩል ሦስት ጊዜ አመልክቼ ሦስቱም ማመልከቻዎች «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ተመልሰውልኛል። መታየታቸውን አልጠላሁም። ብዙ ሰው ቢያያቸው ምናልባት ከመካከል አንድ የሚያነብ አይጠፋም ብዬ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ በቁጥር ካልሆነ አይገባዎትም ይባላልና።

አንደኛ፣ ስለ ድረ ገጹ አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት የተለያዩ ፕሮጀክቶች ለማዕከሉ ሁለት የተለያዩ ሲስተሞች ሰጡ። አንዱ አረንጓዴው ነው፤ ነዋሪን፣ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ይመዘግባል። ሌላው ሰማያዊው ነው፤ የመሬት ይዞታን ይመዘግባል። የሠሯቸው ሰዎች አይተዋወቁም፣ የተሠሩበት መንገድ አይገጥምም፣ መዝገባቸውም ለየቅል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ አንዱን ይመርጥ ነበር፣ ወይ ሁለቱን የሚያስማማ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። እርስዎ ግን ለጋሾቹን ሁለቱንም ላለማስቀየም ሲሉ እንዳሉ አንድ ድረ ገጽ ላይ አስገቧቸው፣ ከላይም «አንድ መስኮት» የሚል በትልቁ አስጻፉ። አንድ ቤት የገቡ ጣውንቶች ሆነው ይኖራሉ፤ በሩን ይጋራሉ፣ ሰላምታ የላቸውም። ፍኖተ ሰላም ያለው ሕንፃም ይህንኑ እንዲመስል አደረጉት፤ «አንድ መስኮት» ከሚለው ሰሌዳ ሥር ሁለት መስኮት አለ፣ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ሰማያዊ ተቀብቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚልኩት ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። የቀቢው እጅ ግን ይባረክ፣ ቀለሙ እስካሁን አልለቀቀም።

ሁለተኛው ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ የራሴን ጥፋት ደብቄ የሰው ስወቅስ እንዳልገኝ። ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ፣ በአንዱ እሑድ፣ ነዋሪውን አረንጓዴው ላይ እንመዘግባለን ብላችሁ ወደ ደብራችን መጣችሁ። ሕዝቡን የማውቀው እኔ ነኝና ስም ጻፍልን አላችሁኝ፤ ጻፍኩ። ቅጹ «ስም» ይላል፣ የትኛው ስም እንደሆነ አይልም። ቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የቆመ ምእመን ስሙን ሲጠይቁት ካህን የሚጠራበትን የክርስትና ስሙን ይናገራል፤ የገበያውንና የቀበሌውን ስም እዚያ ማን ያነሳዋል? እኔም ሳላቅማማ ያንኑ ጻፍኩ። የአባታቸውንም ስም ከክርስትናው መዝገብ እያየሁ በክርስትና ስም ሞላሁት። ስድስት መቶ አርባ አባወራና እማወራ እንዲህ ተመዘገበ። እርስዎም ፎቶ አንሺ አስከትለው መጥተው፣ በሰልፉ ሦስተኛ ቆመው፣ «ገብረሰንበት» ብለው በጎላ ድምፅ ተመዘገቡ፤ ያ ፎቶ አሁንም ድረስ የድረ ገጹ ግንባር ላይ አለ፣ ነጠላውም ያምርብዎታል።

ሰማያዊው ላይ ግን እነዚያው ስድስት መቶ አርባ ሰዎች ከይዞታ ደብተራቸው ተገልብጠው በዓለማዊ ስማቸው ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሰው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። አላየሁም። መሪጌታ ተብዬ፣ አንድ ነጥብ ሲጎድል ከሩቅ የሚታየኝ ሰው፣ ስድስት መቶ አርባ ነፍስ ለሁለት ስሰነጥቅ አልታየኝም። ከዚህ በኋላ የምናገረውን ሁሉ እያፈርኩ ነው የምናገረው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዋንጫው እንኳን ደስ አለዎት። ማዕከላችሁ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ደምሮ፣ ተጠቃሚዎቼ በአንድ ወር ውስጥ ከስድስት መቶ አርባ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ አደጉ ብሎ ሪፖርት አቀረበ፤ ሽልማትም ተሰጠው። በበዓሉ ላይ እኔም ተጠርቼ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። በንግግርዎ፣ ሕዝባችን በአንድ ወር በእጥፍ ነቅቷል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲያስቡት የሚዘገንን ነው፤ አንድም ልጅ ሳይወለድ ደብራችን በእጥፍ ሲበዛ ከጎኔ ከተቀመጡት ታላላቅ ሰዎች አንድም የጠየቀ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለስላሳውም ቀዝቃዛ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ሰርኩላሩ። ዘንድሮ ጥር ላይ አንድ ብልህ ሰው፣ እርስዎ ነዎት ይባላል፣ ሁለቱን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየ። ሰማያዊው ላይ ካሉት ባለይዞታዎች አንዱም አረንጓዴው ላይ በነዋሪነት የለም። አረንጓዴው ላይ ካሉት ነዋሪዎች አንዱም ሰማያዊው ላይ መሬት የለውም። ክቡር ሆይ፣ ፊደል ያልቆጠረ እረኛ እንኳ ይህን ሲሰማ ስሞቹ ተምታተው ይሆናል ይል ነበር። እርስዎ ግን የደረሱበት ድምዳሜ፣ የቀበሌው መሬት በሙሉ እዚያ በማይኖሩ ሰዎች ተይዟል የሚል ነው። ሰርኩላርም ወጣ፤ ነዋሪ ሆኖ ያልተገኘ ባለይዞታ ማስታወቂያ በወጣ በስድሳ ቀን ውስጥ ቀርቦ ካላስተባበለ መሬቱ ወደ መሬት ባንክ ይገባል ይላል። የመጀመሪያው ዙር በአስፋልቱ ዳር ካሉት ይዞታዎች ጀመረ። በአስፋልቱ ዳር አሥራ ሁለት ይዞታ አለ፣ በዝርዝሩ ላይ የወጣው አሥራ አንድ ነው። እኔ ፊደል እንጂ ሒሳብ አላስተማርኩዎትምና በዚህ አልፈርድብዎትም።

ከአሥራ አንዱ ስለ አንዷ ብቻ ልናገር። ወይዘሮ እንቁ ይባላሉ፣ ወደ ሰባ ዓመት ይጠጋቸዋል። ባለቤታቸው አቶ ቢሆነኝ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ ልጃቸው ያምሮት ቡሬ ተድራ ትኖራለች። ያለቻቸው ሁለት ጥማድ መሬት ናት። ስመኘው የሚባል ጎረቤታቸው በእኩል ያርስላቸዋል፣ የዓመት ቀለባቸው ከዚያች መሬት የምትገኘው የበቆሎ እኩሌታ ናት፤ ሌላ የላቸውም። ሲወለዱ እዚሁ ደብር ተጠምቀው እህተ ማርያም ተብለዋል። እንግዲህ በእርስዎ ድረ ገጽ ላይ እንቁ የምትባል መሬት ያላት ነገር ግን የትም የማትኖር ሴት አለች፣ እህተ ማርያም የምትባል እዚሁ የምትኖር ነገር ግን አንድ እርምጃ መሬት የሌላት ሴት አለች። ሁለቱም አንድ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ፣ አንድ ምርኩዝ ይይዛሉ፣ የሚያማቸውም ያው አንዱ ጉልበት ነው።

ማስታወቂያው ሚያዝያ 5 ቀን ሰማያዊው ገጽ ላይ ወጣ። በስልክም ተልኳል አላችሁ፤ እውነት ነው ተልኳል፣ የተላከው ግን ለሟቹ ለአቶ ቢሆነኝ ስልክ ነው። ወይዘሮ እንቁ የሰሙት ሚያዝያ 24 ቀን ስመኘው ለመሬቷ ማዳበሪያ ሊወስድ ተሰልፎ፣ ይህ መሬት ባለቤቱ ስለማይኖር ታግዷል ተብሎ ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። ስመኘው የቤተሰብ አባት ነው፣ በታገደ መሬት ላይ ዘሩንና ጉልበቱን አይጥልም፤ ይቅርታ ጠይቆ በሬዎቹን ወደ ሌላ ሰው ማሳ ወሰደ። በቆሎ የሚዘራበት ጊዜ እንደ እርስዎ ስብሰባ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ስድሳው ቀን ሰኔ 5 ያበቃል፤ ያ ቀን ካለፈ መሬቷም የለች፣ ቀለቡም የለ።

አምስተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። እኔ አጥፍቻለሁና እኔው ላቃናው ብዬ ሁለቱን መዝገቦች ይዤ፣ ወይዘሮ እንቁን አስከትዬ ፍኖተ ሰላም መጣሁ። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ያምሮት የገዛችላቸውን አዲስ ጫማ ተጫምተው ነበር፤ መንግሥት ፊት እቀርባለሁ ብለው ነው። ሰርኩላሩ፣ ነዋሪዋና ባለይዞታዋ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ባለሙያ ፊት፣ በአንድ ጊዜ ቀርበው ይመሳከሩ ይላል። ባለሙያው አንዷለም ትሑት ልጅ ነው፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። አረንጓዴውን ከፈተ፤ እህተ ማርያም መጣች። ሰማያዊውን ከፈተ፤ እንቁ መጣች። ተመልሶ አረንጓዴውን ሲያይ እህተ ማርያም ጠፍታ «በሰላም ወጥተዋል፣ ስለጎበኙን እናመሰግናለን» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። እንደገና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ እህተ ማርያምን ሲመልስ እንቁ ወጣች። እንቁን ሲመልስ እህተ ማርያም ወጣች። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። ወይዘሮ እንቁ ሹም ፊት አይቀመጥም ብለው እንደ ቆሙ ነበሩ። ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠየቁኝና አነበብኩላቸው። የት ወጣሁ፣ ይኸው እዚህ ቆሜ የለም ወይ ብለው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ያስረዳችኝ የማዕከሉ ባለሙያ የነበረችው ዮርዳኖስ ናት። ሁለቱ ሲስተሞች አንድ ቤት ስለገቡ የመግቢያ ቁልፋቸውን የሚሰቅሉት አንድ ምስማር ላይ ነው አለችኝ፤ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ቁልፍ አውርዶ ጥሎ የራሱን ይሰቅላል፣ ስለዚህ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። እንዲህ ከሆነ በሁለት ኮምፒውተር ለምን አይከፈቱም ብዬ ነበር። በሁለት ኮምፒውተር ቢሆን በእርግጥ ሁለቱም ተከፍተው ይቆያሉ፤ ነገር ግን ሁለት ኮምፒውተር ያለው በሁለት መስኮት ነው፣ ሰርኩላሩ ደግሞ በአንድ መስኮት ይላል። ለሁለቱም የየራሳቸውን ምስማር ለመትከል ሁለት ቀን፣ ነዋሪውንና ባለይዞታውን በአንድ መለያ ቁጥር ለማገናኘት ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብላ ከሰርኩላሩ በፊት በጽሑፍ አቅርባልዎት ነበር። ያቺ ወረቀት የት እንዳለች እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠረጴዛዎን እንዳይቧጭር ከዋንጫው ሥር ተነጥፋለች። ዮርዳኖስም ወደ ሊበን ተዛውራ አሁን የተጣበቀ ወረቀት ከማተሚያ ውስጥ ስታወጣ ትውላለች። ጥሩ ሠራተኛን ከክፉ አለቃ ማራቅ ደግ ሥራ ነውና በዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ያለ ቀልድ።

ስድስተኛ፣ ስለ መፍትሔው። አንዷለም ነገሩ አልሆን ሲለው የበላይ ጠይቄ ልምጣ ብሎ ወደ ቢሮዎ ገባ፣ ሲመለስም ዓይኔን አላየኝም። መፍትሔ ተገኝቷል አለ። አረንጓዴው ላይ ሰው የሚመዘገብባቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ሞት። «በስሕተት ተጽፏል» የሚል የለም። ሰውን ከዝርዝሩ ማውጣት የሚቻለው በሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው፣ ማለትም እኔ፣ እህተ ማርያም ሞታ በደብራችን ተቀብራለች የሚል ማስረጃ በማኅተም ስሰጥ እሷ ትሰረዛለች፣ በቦታዋም እንቁ በነዋሪነት አዲስ ትመዘገባለች፣ መሬቱም ይለቀቃል። የእርስዎ ቃል ነው፣ በእጅ ጽሑፍዎ ማመልከቻዬ ጥግ ላይ ሰፍሯል፦ «በዚሁ መሠረት ይፈጸም።» «ሠ»ን በትክክል ጽፈዋታል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቢሆን ደስ ብሎኛል።

ክቡር ሆይ፣ የጠየቁኝ ቀላል ነገር መስሎዎት ይሆናል። ወረቀት ነው፣ ማን ያየዋል ብለው ይሆናል። ስለዚህ ወይዘሮ እንቁ የመለሱትን ላስቀምጥልዎ። ማዕከሉ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ፣ አባ መሪጌታ፣ ዛሬ እህተ ማርያም ሞታለች ብለው ከፈረሙ፣ የሞትኩ ዕለት ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ በማን ስም ሊፈቱኝ ነው ብለው ጠየቁኝ። እንቁ ያለኝ አባቴ ነው፣ ያ ስም ከአፈር ጋር ይቀራል፤ ያን ቀን የምጠራበት አንድ ስም ነው ያለኝ፣ እሱን አስቀድሜ ቀብሬ በምን ልቀርብ አሉ። ቢሆነኝም ገብረ ሕይወት ተብሎ ነው የተፈታው፣ እዚያ ቢፈልገኝ የሚያውቀኝ በዚያ ስሜ ነው አሉ። ምሬት አልነበረባቸውም፣ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። አርባ ዓመት ስገልጥ የኖርኩትን መጽሐፍ ያን ማታ እንደገና ገለጥኩት፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሆን መስመር የለበትም።

እንግዲህ የሰጧቸው ምርጫ ይኸው ነው። መሬታቸውን ከፈለጉ የክርስትና ስማቸውን በቁማቸው ይቅበሩ፣ ስማቸውን ከፈለጉ ዘንድሮ ይራቡ። ጨካኝ ነዎት ብዬ አልሰድብዎትም። ጨካኝ ሰው ቢያንስ የሚጎዳውን ሰው ፊት ያያል፤ እርስዎ ያደረጉት ሳያዩ ነው፣ ቡና እየጠጡ፣ በማመልከቻ ጥግ ላይ። ይህን ስላወቅኩ ማታ በጸሎት ሰዓት ስምዎን ሳነሳ ምን ብዬ እንደምለምንልዎ ግራ ገብቶኛል።

እኔ አልፈረምኩም። አልፈርምም። በሕይወት ያለች ሴት ሞታለች ብዬ በቤተ ክርስቲያን ማኅተም ከማተም ማኅተሙን ብር ወንዝ ብጥለው ይሻለኛል። ወይዘሮ እንቁም አልተስማሙም። ሰኔ 5 ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው መሬታቸው ላይ ሄደው እንደሚቀመጡ ነግረውኛል፤ የማይኖሩ ናቸው ተብሏልና፣ መኖራቸውን የሚያይ ካለ ይምጣና ይይ ብለዋል። ዝናቡ ጀምሯል፣ ጉልበታቸውም ደህና አይደለም። እኔም ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ለመኪናዎ የሚመች አስፋልት ነው፤ ከመኪናው ሳይወርዱ በመስኮት ሊያዩን ይችላሉ።

የምለምነው ጥቂት ነው። የዮርዳኖስን ወረቀት ከዋንጫው ሥር ያውጡት። ያ ካቃተዎት ዋንጫውን አንስተው ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ይስጡት። ያም ካቃተዎት ሁለቱን መስኮቶች የሚለየውን ግድግዳ በአንድ ቀን የሚያፈርስ ግንበኛ ማንኩሳ ውስጥ አለ፣ በነፃ እልክልዎታለሁ፤ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ ሰርኩላርዎም አይጣስ፣ ባልቴቷም አትገደል።

በተረፈ ከመስኮቶች ሁሉ በላይ የሆኑ፣ ሕዝብን ያለ ወሊድ የማብዛትና ያለ ሞት የመቅበር ጸጋ የተሰጠዎ፣ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ አንድም ቦታ እንዳይገኝ ያደረጉ ታላቁ ኃላፊያችን፣ ዕድሜዎ እንደ ወረፋችን የረዘመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ማመልከቻዎቼ ማንም የማይነካው ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለደጅዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የቀድሞ መምህርዎ፣ የአሁን ባለጉዳይዎ
መሪጌታ ቴዎፍሎስ
የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በሌላ ጉዳይ ማዕከሉ መጥቼ ሳለሁ ሁለት ወረቀት በሁለቱ መስኮት አስገብቻለሁና ከሌላ እንዳይሰሙ ብዬ ነው። በሰማያዊው መስኮት፣ በአስፋልቱ ዳር ያለው አሥራ ሁለተኛው ይዞታ፣ ከአባትዎ የወረሱት፣ «ገነነ» በሚል ስም እንደ ተያዘና በነዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገነነ የሚባል ሰው እንደሌለ ጠቁሜያለሁ። በአረንጓዴው መስኮት ደግሞ ገብረሰንበት የተባለ ምእመናችን ካለፈው ዓመት የካቲት፣ ፎቶ ከተነሳበት ቀን ወዲህ፣ በደብራችን ቅጽር አንድም ቀን እንዳልታየ በማኅተም አረጋግጫለሁ፤ ሞቷል አላልኩም፣ የጻፍኩት እውነቱን ብቻ ነው። አንዷለም ይህን የት እንደሚመዘግበው ፈልጎ ከአራቱ ልደትም፣ ጋብቻም፣ ፍቺም አልሆን ቢለው አራተኛውን ተጭኗል። ማስታወቂያው ያኔውኑ ስለ ወጣ ስድሳው ቀንዎ ትናንት ጀምሯል። ስሕተት ነው የሚሉ ከሆነ አሠራሩን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ሁለታችሁም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ባለሙያ ፊት፣ በአንድ ጊዜ ቅረቡ። ወይዘሮ እንቁ ስነግራቸው ከልባቸው አዝነው ነፍስ ይማር ሊሉ ነበር፤ ነገር ግን በየትኛው ስምዎ እንደሚሉ ጠየቁኝና፣ ይህንንም አላወቅኩላቸውም።